የሞተሩ የኋላ ወንበር

በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድማ የምትጠራው እትዬ ኤሌንጉ ናት። የሙታንን ስንዴ የምትቀቅለው እሷ ናት። ለአርባው፣ ለሙት ዓመቱ፣ ቤተሰቡ በፈለገው ጊዜ ሁሉ ትቀቅላለች። ስንዴውን አንድ በአንድ ትለቅማለች፤ ከቀቀለችው በኋላ በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግታ ውኃው እስኪመጠጥ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ዘቢብ፣ የተቆላ ሰሊጥና ሮማን ታገባበታለች። «ጠጠር ካገኙበት የሚያሙኝ ቋሚዎቹ አይደሉም፤ ሟቹ ነው» ትላለች።

ባለቤቴ የእህቷ ልጅ ነበረች። ያረፈች ጊዜ እትዬ ሮማኑን ከወትሮው አብዝታበት ነበር። ባለቤቴ ሮማን ትወድ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ምሳዬን የምበላው እሷ ቤት ነው።

ለሰው ሁሉ የምትቀቅለው ሴት ለገዛ ወንድሟ ግን ቀቅላ አታውቅም። ወንድሟ ቶፊስ ይባላል። በዚያ የጦርነት ነሐሴ፣ ቆጵሮስ በእኛ በግሪኮቹና በቱርኮቹ መካከል ለሁለት በተከፈለችበት ሰሞን፣ ከአጎቱ ልጅ ከፒየሪስ ጋር «ከብቶቹን ፈትተን እንመለሳለን» ብለው በእግራቸው ወደ መንደር ተመለሱ። የፒየሪስ ሞተር ብስክሌት ትጮኻለች ብለው ትተዋት ነው የሄዱት። እኛ ሁላችን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሸሸን፤ ከጊዜ በኋላ መንግሥት ይህን ሰፈር ሠራልን፤ እነሱ ግን እስከ ዛሬ ከብት እየፈቱ ነው።

እትዬ እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን ኅብስት ይዛ ስትሄድ ስም ታስጠራለች። መጀመሪያ በሕይወት ያሉትን፣ ቀጥሎ የሞቱትን፣ በቄሱ ጆሮ ታንሾካሹካለች። በሕይወት ያሉትን ትጨርስና ትንፋሽ ትወስዳለች። «ቶፊስ፣ ፒየሪስ» ትላለች። እንደገና ትንፋሽ ትወስዳለች። ከዚያ ሙታኑን ትጀምራለች።

«ልጄ» ይሏታል አባ ሎይዞስ፣ «ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ በያቸው። እኔ የት ላስገባቸው?»

«ምን ላድርግ አባቴ፤ እነሱ ራሳቸው አልወሰኑም።»

የፒየሪስ ታላቅ ወንድም ጋሽ ሃምቢስ ከእትዬ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። በግቢዎቻቸው መካከል አጭር አጥርና አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። በሎሚው የተነሣ የማይጣሉበት ሳምንት የለም። ጋሽ ሃምቢስ ወደ ደቡብ የሸሸው በፒየሪስ ሞተር ነው። ያቺን ጥቁር ሞተር እስከ ዛሬ በአንሶላ ሸፍኖ ያኖራታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት ያጠጣታል፣ ያስነሣታል፣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞሮ ይመልሳታል። ሲነዳት ከፊት ጫፏ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የኋላው ወንበር በላስቲክ እንደተሸፈነ ነው። ፒየሪስ ሲነዳ ከኋላ የሚቀመጠው ቶፊስ ነበርና፣ እዚያ ላይ ሰው አይቀመጥም። ዕቃ እንኳ አይጫንበትም።

«ያንተ ሞተር ቆንጆ ናት» ያለው ሰው ወዮለት።

«የኔ አይደለችም። የወንድሜ ናት። ሳልጠይቀው ነው የወሰድኳት። መጥቶ ጭረት ቢያይባት ይገለኛል።»

«ሲመጣ እኮ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሚመጣው» ትለዋለች እትዬ ከአጥሩ ማዶ። «እግሩን አንሥቶ መውጣት ይችላል እንዴ?»

«ቀስ ብሎ ይወጣል። አንቺ ምን አገባሽ?»

እንዲህ እንዲህ እያሉ አረጁ።

አንድ ቀን፣ ምሳ በልተን እንደ ጨረስን፣ የጠፉ ሰዎችን ከሚፈልገው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት መጣች። ፌሪዴ ትባላለች። ከወዲያኛው ወገን ናት፤ ቱርክ ናት። በዚያ መሥሪያ ቤት የሁለቱም ወገን ሰዎች አብረው ነው የሚቆፍሩት፣ አብረው ነው አጥንት የሚያጥቡት። የኛን ቋንቋ የምትናገረው እንደ ባላገር ስለሆነ እትዬ ገና ከበሩ ወደደቻት፤ የወደደችውን ሰው እንደምታደርገውም ትሰድባት ጀመር።

«ምነው እንዲህ ከሳሽ? አጥንት ስትቆፍሪ አጥንት ሆንሽ እኮ! ተቀመጪ፣ ብዪ።»

ፌሪዴ ቀረበላትና በላች። ከዚያ ሹካዋን አስቀመጠችና ነገሩን ቀስ ብላ ነገረችን። በመንደራችን አጠገብ ካለ የደረቀ የውኃ ጉድጓድ የአንድ ሰው አጥንት ወጥቷል። እትዬ ከዓመታት በፊት ከሰጠችው ደም ጋር ሲመሳከር ገጥሟል። ሰውየው ከዚህ ቤተሰብ ነው።

እትዬ ሁለት እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ያዘች። «ቶፊስ ነው» አለች።

«እሱን ነው መለየት ያልቻልነው እማማ ኤሌንጉ። ቶፊስም ሊሆን ይችላል፣ ፒየሪስም። የአጎት ልጆች መሆናቸውን እናውቃለን፤ ግን ከአጎት ልጅነት በላይ ይቀራረባሉ። በእናትም በአባትም አንድ ዓይነት ናቸው። መሣሪያው ግራ ገባው።»

«መሣሪያው ብቻ መሰለሽ? ጳጳሱም ግራ ገብቷቸው ነበር!» አለች እትዬ። እንዲያ ባለ ሰዓት መሳቋ ገረመኝ።

ከዚያ የወላጆቿን ሠርግ አወራቻት። አባቷና የሃምቢስ አባት ወንድማማቾች ናቸው። እናቶቻቸው ደግሞ እህትማማቾች ናቸው። በኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ወንድማማቾች ሁለት እህትማማቾችን ማግባት አይችሉም፤ አንደኛዎቹ ባልና ሚስት አክሊል የጫኑ ዕለት የቀሩት ሁለቱ እንደ እህትና ወንድም ይቆጠራሉ። እና መንደሩ መላ መታ። ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለት ቄስ፣ ሁለት ሠርግ፣ አንድ ደወል። ደወሉ ሲመታ ሁለቱም ቄሶች እኩል አክሊሉን ይጭናሉ። ማንም ማንንም ካልቀደመ ማንም የማንም አማች አልሆነም፤ ኃጢአትም የለም።

«የላይኛው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ፈጣን ነበሩ» አለች እትዬ። «የታችኛው ደግሞ ቀርፋፋ። ያኛው ጨርሰው አክሊሉን አየር ላይ ይዘው ደወል ይጠብቃሉ። እጃቸው ዛለ፤ ዲያቆኑ ክንዳቸውን ደግፎ ያዘላቸው። አባቴ ጸጉሩን ያጣው ያን ዕለት በድንጋጤ ነው ይሉ ነበር።»

ፌሪዴ እስክታነባ ሳቀች። ዓይኗን ጠርጋ፦ «እንግዲህ ደወሉን የሚለይልን የፒየሪስ ወንድም ደም ነው» አለች። «የእርስዎ ደም በእጃችን አለ። የሁለታችሁን ጎን ለጎን ካየነው ሰውየው ለማን እንደሚቀርብ እናውቃለን።»

«የማን ደም አልሽ?»

«የአባባ ሃምቢስ።»

እትዬ ግድግዳውን አየች። ከግድግዳው ማዶ የሞተሯ የነዳጅ ክዳን ሲከፈት ይሰማል።

«በቃ አለቀልን» አለች።

በማግስቱ አጥሩ ዘንድ ሄዳ ጠየቀችው። እኔ ሎሚ እየለቀምኩ ነበር።

«ደሜን?» አለ ጋሽ ሃምቢስ። «የኔ ደም ምን ያደርግላቸዋል? ግማሹ የግፊት ኪኒን ነው።»

«አንዲት ጠብታ ናት አንተ ስስታም! ትንኝ ስትወስድብህ መቼ ጮኽክ?»

«ትንኟ ወንድምህ ሞቷል ብለህ ፈርም አትለኝም።»

«ማን ፈርም አለህ?»

«ደም መስጠት መፈረም ነው። ደሜን ሰጠሁ ማለት ፒየሪስን ከጉድጓድ ፈልጉት አልኩ ማለት ነው። ከዚያ ይህቺ ሞተር የማን ልትሆን ነው? የኔ! አደራ በላ አልሆንም ኤሌንጉ። ተዪኝ።»

«እኔስ? ቶፊስ በመሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ያንተን ፈቃድ ይጠብቅ?»

«ቶፊስ እዚያ ካለ በራስሽ ደም ይወቁት። ወንድምሽ ነው፤ የኔን ምን አስፈለጋቸው?»

«ወላጆቻችን በአንድ ደወል ተጋብተው!»

«እሱን ለወላጆቻችን ንገሪያቸው» ብሎ አንሶላውን ሞተሩ ላይ ሳበ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዝም አለች። እትዬ ዝም ስትል መፍራት እንዳለብኝ አውቃለሁ። አንድ ጠዋት መኪናዬን እንዳስነሣ ላከችብኝ። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ የአይብ ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ገባች። መሥሪያ ቤቱ እስክንደርስ ዕቃውን ከእጇ አልለቀቀችም። አይብ ልትሰጣቸው መስሎኝ ነበር።

ፌሪዴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ከፈተችው። ውስጡ የታችና የላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ በእርጥብ መሐረብ ተጠቅልሎ ተኝቷል።



«የሃምቢስ ነው» አለች እትዬ በኩራት። «ሌሊት ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መስኮቱን አይዘጋም። በቴሌቪዥን አይቻለሁ፣ ከምራቅም ታወጣላችሁ አይደል? አውጡና ዛሬውኑ ልመልስለት፤ ምሳ መብላት አለበት።»

ፌሪዴ እንደ ምንም ሳቋን ውጣ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«አንነካውም እማማ።»

«ለምን? አላጠብኩትም እኮ!»

«ባለቤቱ እሺ ያላለበትን ነገር አንወስድም። ዛሬ የአባባ ሃምቢስን ጥርስ ሰርቀን ብንመረምር ነገ በዚህኛውም በወዲያኛውም ወገን ማን ያምነናል? እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያለውን የመጨረሻ ነገር ነው የሚሰጠን። እሺ ብሎ ሊሰጠን ይገባል።»

«እሺ የሚል ቢሆን ጥርሱን እሰርቅ ነበር?»

«ይገባኛል። ግን አሁን ስርቆቱ እኛ ጠረጴዛ ላይ ደርሷል። የምመልሰው እኔ ነኝ። ይቅርታም እጠይቃለሁ።»

እትዬ ተቃወመች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። ፌሪዴ ጃኬቷን ለበሰች። ሦስታችንም በኔ መኪና ተመለስን፤ አሁን ዕቃው በፌሪዴ ጭን ላይ ነበር።

ጋሽ ሃምቢስ በረንዳው ላይ አፉን በመዳፉ ሸፍኖ ተቀምጧል። ሳህን ሙሉ ወይራ ሳይነካ ፊቱ አለ። ፌሪዴ ዕቃውን በሁለት እጇ አቀረበችለት፤ ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ነገረችው፤ በመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ ዞር ብሎ ጥርሱን አስገባና ተመለሰ።

«አንቺ ሌባ!» አለ መጀመሪያ፣ ከአጥሩ ማዶ ለቆመችው ለእትዬ። «በጦርነቱ እንኳ ቤቴ አልተዘረፈም!»

«ቤት ስላልነበረህ ነዋ!»

ከዚያ ወደ ፌሪዴ ዞረ። ቁጣው ቀዝቀዝ አለ። «አንቺ ግን ይዘሽ መጣሽ» አለ። «ማስቀረት ስትችዪ።»

«ያለ ፈቃድዎ አንወስድም አባባ።»

«ፈቃድ አልሰጥም። ሞቷል ብዬ አልናገርም።»

«ይናገሩ አላልኩም። ደሙ እኮ የሚናገረው ‹እሱ ነው› የሚለውን ብቻ አይደለም። ‹እሱ አይደለም› ብሎም ይናገራል።»

ጋሽ ሃምቢስ ወይራ ሊያነሣ የዘረጋው እጁ ሳህኑ ላይ ቀረ።

«ማለት ደሜን ብሰጥ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተገኘው ፒየሪስ አለመሆኑን ታረጋግጡልኛላችሁ?»

«ካልሆነ፣ አዎ።»

«ከሆነስ?»

«ከሆነ ነው እንላለን።»

«የሚለው ማን ነው? የኛዎቹ ወይስ የናንተዎቹ?»

«አብረን ነን። አንዱ ወገን ብቻውን ምንም አይልም።»

ወይራውን አነሣና ለረጅም ጊዜ አኘከው። «አንቺስ» አላት በመጨረሻ፣ «የጠፋብሽ ሰው አለ?»

«አጎቴ ነበር። ተገኘ። አጥንቱን ያጠበችው ከናንተ ወገን የሆነች ልጅ ናት፤ አሁን ከኔ ጎን ነው የምትሠራው።»

ጋሽ ሃምቢስ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «ብዪ» አለ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጮኸ፦ «ኤሌንጉ! እንወራረድ!»

«በምን?»

«ፒየሪስ አይደለም። ይህን በደሜ አሳይሻለሁ። ቶፊስ ነው ከተባለ ቶፊስን ቅበሪ፤ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ። ፒየሪስ ግን በሕይወት አለ።»

«እኔም እኮ ቶፊስ ነው እያልኩህ ነው! በምን ልንወራረድ ነው ታዲያ?»

ጋሽ ሃምቢስ ግራ ገባው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ላይ ተስማምተው ነበር፤ ሁለቱም አልወደዱትም።

«እንግዲያው ቶፊስ ከሆነ» አለች እትዬ፣ «በሞተሩ ወደ ቀብሩ ትወስደኛለህ። ከኋላ።»

«የኋላው የቶፊስ ቦታ ነው።»

«ቶፊስ ከተገኘ ወራሹ ማን ነው? እኔ ነኝ! ቦታው የኔ ነው።»

ጋሽ ሃምቢስ አሰበ። «እሺ» አለና ጣቱን ለፌሪዴ ዘረጋላት። መርፌዋን ሲያይ ፊቱን አዞረ። «ቶሎ በዪ። እስቲ ሎሚውን ልይ» አለ፤ ዓይኑን ግን ጨፍኖ ነበር።

ውጤቱ ቆየ። እትዬ ስንዴ ገዝታ ለቀመች፤ ለቅማ በከረጢት አሰረች፤ ፈትታ ደግማ ለቀመች። የቶፊስን ፎቶ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት አመጣችው፤ ከዚያ በዘይት ይበላሻል ብላ መለሰችው። ጋሽ ሃምቢስ ደግሞ ሞተሩን በየቅዳሜው ብቻ ሳይሆን ረቡዕ ረቡዕም ማስነሣት ጀመረ። «ሲመጣ ዝግጁ ትሁን» ይላል። አንድም ቀን ስለ ጉድጓዱ አላወሩም። በሎሚው ግን በደንብ ተጣሉ።

ሎሚው አበባ ባወጣ ሰሞን፣ እትዬ ቤት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። መኪና ቆመ። ፌሪዴ ወረደች፤ ከኋላዋ ከኛ ወገን የሆነ የሥራ ባልደረባዋ። እትዬ አየቻቸውና ሽርጧን ፈታ ወንበር ላይ ሰቀለች፣ ጸጉሯን በእጇ ደለደለች፣ በሩ አጠገብ ሄዳ ቆመች። እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ጠበቀች።

የእግራቸው ኮቴ በበራችን በኩል አለፈ።

የጋሽ ሃምቢስ በር ሲንኳኳ ሰማን።

እትዬ እጇን ከመዝጊያው አላነሣችም። ቆይታ ተመለሰች፣ ሽርጧን አሰረች፣ የስንዴውን ከረጢት አውጥታ ትሪ ላይ አፈሰሰችው።

«ተለቅሟል እኮ እትዬ» አልኳት።

«ለቶፊስ ነበር የለቀምኩት። ቶፊስ ድንጋይ ቢሰጡት ያኝካል። ፒየሪስ ግን ጥርሱ ስስ ነው።»

አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ለቀምኩ።

አመሻሹ ላይ ጋሽ ሃምቢስ አጥሩ ዘንድ መጣ። «ኤሌንጉ» አለ። «ማን አሸነፈ?»

«ማንም። ሁለታችንም ተሸነፍን።»

«እንዲያ ያለ ውርርድ አይቼ አላውቅም።» ሎሚ ቆረጠና ሰጣት። በሕይወቴ ሲሰጣት ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ከቀብሩ በፊት ሄደን ፒየሪስን አየነው። ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ እያንዳንዱ አጥንት በየቦታው፣ በሥርዓት ተኝቷል። ጋሽ ሃምቢስ ባርኔጣውን አውልቆ በራስጌው ቆመ።

«ሞተርህን ወስጃታለሁ» አለው። «ሳልጠይቅህ። ዘይቷን አላጓደልኩም። ጭረት የለባትም።»

«አንድ አለባት» አለች እትዬ። «በስተግራ፣ በአጥሩ በኩል።»

«ዝም በዪ አንቺ! ገና አሁን መገናኘታችን ነው!»

ፌሪዴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አላየሁም።

ከቀብሩ በፊት በነበረው እሑድ እትዬ ኅብስቷን ይዛ ሄደች። በሕይወት ያሉትን አስጠራች። ትንፋሽ ወሰደች። «ቶፊስ» አለች ብቻውን። እንደገና ትንፋሽ ወሰደች፤ ሙታኑን ጀመረች፤ መጀመሪያ የጠራችው ፒየሪስን ነበር። አባ ሎይዞስ ወይ ወዲህ ወይ ወዲያ አላሏትም። ትንፋሿን እስክትጨርስ ጠበቋት።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት እትዬንና የስንዴውን ድስት ልጭን መኪናዬን ወደ በሯ ሳስጠጋ ጋሽ ሃምቢስ ቀድሞኛል። ሞተሯን መንገድ ላይ አቁሟት፣ በክራባት ተቀምጦባታል። እስከ መካከሏ ገባ ብሎ፣ እንደ ባለቤት። የኋላው ወንበር ላስቲክ ተገፏል። ቆዳው እንደ አዲስ ነው።

«ተቀመጪ» አላት።

«ውርርዱን አላሸነፍኩም።»

«አላሸነፍሽም።»

«የቶፊስ ቦታ ነው።»

«አዎ፣ የቶፊስ ነው። እኔ የፒየሪስን ስጠብቅ ኖሬ ዛሬ አስረከብኩ። የቶፊስን ደግሞ አንቺ ጠብቂለት። ሰው የማይቀመጥበት ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። መጥቶ ቢያየው ምን ልንለው ነው?»

እትዬ ሞተሩን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች። «ድስቱን አቀብለኝ» አለችኝ።

በመኪናዬ ከኋላ ከኋላቸው ሄድኩ። ከእግረኛ ብዙም አይፈጥኑም ነበር። በአንድ እጇ ድስቱን አቅፋለች፣ በሌላው የጋሽ ሃምቢስን ቀበቶ ጨብጣለች፤ ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ ይሰማል።

«ቀስ በል! ጉድጓድ አለ!»

«አይቼዋለሁ!»

«ካየኸው ለምን ገባህበት?»

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወጥቶ ያያቸው ነበር። ፌሪዴም ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ጥግ ላይ ቆማለች። እትዬ ድስቱን ለእኔ አቀብላኝ ቀስ ብላ ወረደች። ቀሚሷን ከማስተካከሏ በፊት ጎንበስ ብላ ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ የመሐረቧን ጫፍ አርጥባ አንድ ቦታ ጠረገች።

«ምንም አልሆነም» አለች፣ ለጋሽ ሃምቢስ ይሁን ለቶፊስ እንጃ። «ጭረት የለበትም።»